ፖሌ ና ካዚ

ብዙነሽን ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያንገበግባት የኖረው የእናቷ መሞት አይደለም። ሞትማ የሁሉም ነው። ያንገበገባት የገዛ እልልታዋ ነው። እናቷ ደሴ ላይ ሞታ፣ ተቀብራ፣ ተዝካሯ እንኳ ወጥቶ ካለቀ በኋላ፣ እዚህ ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ፣ አንድ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ሰርግ ተደግሶ ብዙነሽ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ከሴቱ ሁሉ ፊት ቆማ እልል ስትል ዋለች። ትከሻዋንም ሰበቀች። በዚያ ግቢ ከነበረው ሰባ ሰማንያ ሰው መሀል የእናቷን መሞት የማታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። እያወቁ አጨበጨቡላት። አንዷማ "ብዙዬ፣ ዛሬስ አንቺን የሚችል የለም!" ብላ ጉንጯን ስማታለች። መርዶው የተነገራት ከዚያ ሁለት ወር ቆይቶ፣ አንድ እሁድ ጎህ ሲቀድ፣ ወንድሟ ጓንጉል ስምንት ሰው አስከትሎ በሯን ሲያንኳኳ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ደብቀዋት ነበር። "ለምን እስካሁን?" ብትላቸው፣ "አትችይም ብለን ነው" አሏት። አትችይም! ሞያሌን በእግሯ የተሻገረችውን ሴት።

በዚያ ስምንት ወር ውስጥ የሆነው ደግሞ ከእልልታውም የባሰ ነው። አንድ ልጇ ሙሉዓለም የቀረው ከአያቱ ጋር ነበር። እሷና ባሏ አየለ ሲሰደዱ ልጁ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ መንገዱ ለልጅ አይሆንም፣ ቆይቶ በወረቀት ይመጣል ተብሎ ቀረ። አያቱ ስትሞት ብቻውን ሆነ። ብቻውን የቀረ ጎረምሳ ደግሞ ከቀበሌ ዓይን አያመልጥም፤ ለብሔራዊ ውትድርና አፍሰው ወደ ሰሜን ላኩት። ብዙነሽ በጊዜው ሰምታ ቢሆን ገጠር ከአክስቱ ዘንድ እንዲሸሽ ትልክበት ነበር፣ ሰው ታስለምን ነበር፣ አንድ ነገር ታደርግ ነበር። ምናልባት ምንም አታደርግም ነበር። ቢሆንም ያቺን ምናልባት የነፈጓት እነሱ ናቸው። ይህን ለማንም ተንፍሳው አታውቅም። የምታድረው በወንድሟ ግቢ ነው፤ በሰው ግቢ የሚያድር ሰው ቂሙን አላምጦ ይውጣል እንጂ አይተፋም።

ግቢው ፓርክላንድስ ነው። ቤቱን የሠራው ሕንድ ነው፤ ድንጋይ ነው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ ሳሎኑ ቀን እንኳ መብራት ይፈልጋል። የብዙነሽ ክፍል ከጓሮ ነው፣ ድሮ የሠራተኛ ክፍል የነበረው። አንድ የብረት አልጋ፣ አንድ ሳጥን፣ የአየለ ፎቶግራፍ፣ ከበሩ ጀርባ ደግሞ ከጊኮምባ ገበያ በስልሳ ሽልንግ የገዛችው ካኪ ጃኬት ተሰቅሏል። ጃኬቱ የሙሉዓለም ነው። ናይሮቢ ማታ ማታ ይበርዳል፣ ልጁ ሲመጣ አይበርደው ብላ ገዝታ ሰቀለችው። ትከሻው ይሰፋው ይሆን ይጠበው ይሆን አታውቅም። ካየችው ስድስት ዓመት ሆኗታል። በመስኮቷ የሚታየው የጓሮው የቆርቆሮ ዳስ ነው፤ ከዳሱ ሥር ሞተር ብስክሌቱ ይቆማል።

ሞተሩ የአየለ ነበር። ቀይ ሆንዳ። አየለ ለአንድ ሕንዳዊ የብረታ ብረት ሱቅ ሚስማርና ማጠፊያ ሲያመላልስበት ኖሮ፣ ኩላሊቱ ሲደክም ጥሎት አልጋ ያዘ። ሊሞት ሰሞን የተናገረው አንድ ነገር ነው፤ "ሞተሩን ለሙሉዓለም አቆዪለት።" አየለ ከተቀበረ ከአርባው በኋላ ጓንጉል መጣና፣ "ቆሞ ከሚዝግ ልጁ እስኪመጣ እኔ ልንዳው" አለ። እሺ አለችው። አራት ዓመት ነዳው። ጠዋት ንጹሑን ይወስዳል፣ ማታ ቀይ ጭቃ አስመስሎ ያመጣዋል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ታጥበዋለች። አንድ ቀን እጅሽ ይባረክ ብሏት አያውቅም። እሷም ለእሱ ብላ አላጠበችውም። ልጇ ሲመጣ የሚረከበው ነገር ዝገት እንዳይነካው ነው።

አጠባጠቡን ያስተማራት አየለ ነው። አየለ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር፣ ስለ ሞተር ሲሆን ግን አፉ ይፈታል። "በትኩስ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፊ፤ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ይብረድ። ፀሐይ ላይ አትጠቢው፣ ሳሙናው ደርቆ ቀለሙን ይበላዋል፤ ጥላ ውስጥ አስገቢው። የማርሚታውን አፍ በጨርቅ ወትፊ፣ ጭስ ማውጫ ውሃ ከጠጣ ሞተሩ ያስላል። ከቆሻሻው ጀምሪ፤ ካቴናውን በላምባና በጥርስ ብሩሽ ፈትጊ፣ ከዚያ እጅሽን ታጥበሽ ወደ ላይኛው ሂጂ። ለታች ያዋልሽውን ጨርቅ ለላይ እንዳታውዪ፣ አሸዋው ሴርባቶዮውን፣ የቤንዚን ቋቱን፣ ይቧጭረዋል። ውሃውን በጎማ ካናቱ አታርከፍክፊበት፤ በጣሳ፣ ቀስ አድርገሽ። የመንኮራኩሩ ኩሽኔታ ውሃ ከገባው ግራሶው ይታጠባል። ፍሬኑን ዘይት እንዳይነካው። ካደረቅሽው በኋላ ደግሞ ሳታስነሺው አትሂጂ፤ ውስጡ የቀረው ውሃ የሚወጣው ሲነሳ ነው።" አንድ ጊዜ ጨርቁን ከማርሚታው ሳታወጣ ረስታው፣ አየለ ሲረግጥ ሲረግጥ ሞተሩ እምቢ አለው። ካንዴላውን ፈታ፣ ቤንዚኑን አየ። በኋላ ጨርቁን ሲያገኘው መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ ያየችው ትዝ አይላትም።

በሰማንያ ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ ባለችው ሁለተኛ ቅዳሜ፣ ጓንጉል ጠዋት ራሱ መጥቶ በሯን አንኳኳ። በእጁ አዲስ ስፖንጅ ይዟል፣ ገና ከላስቲኩ ያልወጣ። ብዙነሽ ስፖንጁን አየች፣ እሱን አየች። በአራት ዓመት አንድ ቁራጭ ሳሙና ገዝቶ የማያውቅ ሰው ነው።

"ብዙዬ፣ ዛሬ አሳምረሽ እጠቢው" አለ፣ ዓይኑን ወደ ዳሱ አድርጎ። "ሃብተኣብ ለሰርቪስ ይወስደዋል።"

"ምን ሆነና? ደህና አይደለም እንዴ?"

"ለምርመራ ነው። ደግሞ አትቸኩይ፣ ቀኑን ሙሉ አለሽ። ማታ እንኳ ቢደርስ… ማለቴ እስከ አሥር ሰዓት ይድረስ።"

አሥር ሰዓት ላይ የሙሽራው ወገኖች ይመጣሉ። የጓንጉል ልጅ አጸደ ነገ ሳምንት ታገባለች፤ ዛሬ የሁለቱ ወገን ሰዎች ተቀምጠው የድግሱን ነገር ይጨርሳሉ። ከቤተ ክርስቲያን የተዋሱት ሠላሳ ተጣጣፊ ወንበር ከግድግዳው ጋር ተደግፏል።

ሄደ። ብዙነሽ ስፖንጁን ይዛ ቆማ ቀረች። ይህ ደግነት አሁን አይደለም የጀመረው፣ ከጾሙ መጋመሻ ጀምሮ ነው። የወንድሟ ሚስት አያልነሽ ባልዲ ከእጇ ትቀማታለች። "ተዪው እትዬ፣ እኔ እሸከመዋለሁ" ትላለች፤ ድሮ እኮ የራሷንም ባልዲ ለብዙነሽ የምታስይዝ ናት። በፋሲካ ዕለት ምርጡ ሥጋ መጀመሪያ የተነሳው ለእሷ ነው። ሳሎን ውስጥ የነበረው ሬዲዮ ተበላሸ ተብሎ ጠፋ፤ ብዙነሽ ማታ ማታ ቁጭ ብላ የሰሜኑን ወሬ የምትሰማበት ሬዲዮ። ሊሠራ ሄደ አሏት፣ አልተመለሰም። ብዙነሽ ፊደል ቆጥራ እስከ ዳዊት ሳትደርስ ያቋረጠች ሴት ናት፤ ሞኝ ግን አይደለችም። አንድ ነገር እንዳለ ሆዷ ነግሯታል። ምን እንደሆነ ሲጠይቃት ግን ሌላ ትመልስለታለች፤ ሰርግ ነው፣ የሰርግ ሰሞን ሰው ደግ ይሆናል። ከዚያ በላይ ሆዷን አልመረመረችውም።

ልብስ ቀየረች፣ ላምባውን ከጠርሙሱ በጣሳ ቀዳች። ማታ ስለቆመ ብረቱ በርዷል። ጨርቁን ጠቅልላ በማርሚታው አፍ ወተፈች፣ ካርቡራቶሩን በላስቲክ ሸፈነች፣ ተንበርክካ ካቴናውን መፈተግ ጀመረች። የሳምንቱ ዝናብ ቀዩን አፈር እንደ ሊጥ አቡክቶ በፓራፋንጎው ሥር ለጥፎታል፤ በእንጨት ስንጥር ቀስ እያደረገች ፈለቀቀችው። የመንኮራኩሩን ራጆች አንድ ባንድ አበሰች። አጸደ ፀጉሯን በቢጉዲን ጠቅልላ ወደ ጓሮ ብቅ አለች። እዚሁ ያደገች ልጅ ናት፣ ሦስት ቋንቋ ባንድ ጉርሻ ትጎርሳለች።

"አክስቴ፣ ሶሪ፣ ወንበሮቹን ከዚህ ሙቭ ላድርግ?"

"ተያቸው፣ አልረጫቸውም። ነይ እስቲ ልይሽ። ሙሽራ እንዲህ ይጠቁራል?"

አጸደ መጣችና ከኋላዋ አቀፈቻት። በላምባና በጭቃ የተጨማለቀችውን ሴት አንገቷ ሥር ገብታ ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት፤ ስትለቃት ዓይኗ ቀልቷል።

"ምነው ልጄ?"

"ስትረስ ነው፣ አክስቴ። ዌዲንግ እኮ ነው" አለችና ሮጣ ገባች።

ሦስት ሰዓት ላይ ዛራ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። ዛራ የሞምባሳ ሰው ናት፣ ለጎረቤቱ ሕንድ ልብስ ታጥባለች፤ ገመዷ ከአጥሩ ጋር ነው። ሁለቱ የሚግባቡበት ቋንቋ የላቸውም፣ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ አንዷ ልብስ አንዷ ሞተር ሲያጥቡ ለአራት ዓመት ተያይተዋል። አንድ የሚጋሩት ነገር ሰዓት ነው፤ የዛራም ሰዓት እንደ ሀገር ቤት ከጠዋት ይቆጥራል፣ ብዙነሽ ከዚህ አገር ነገር ሳትማር ያወቀችው እሱን ብቻ ነው። ዛራ ሁልጊዜ ስታልፍ "ፖሌ ና ካዚ፣ ማማ!" ትላታለች። ካዚ ሥራ መሆኑን ብዙነሽ ታውቃለች። ፖሌ ደግሞ ቀስ ማለት ነው፤ ማታቱ ታክሲ ላይ ሰው ሲገፋፋ "ፖሌ ፖሌ" ይባባሉ የለም? ሲያደናቅፋትም "ፖሌ!" ይሏታል፣ ቀስ በይ ነው እንግዲህ። ስለዚህ ዛራ "ቀስ እያልሽ ሥሪ" ማለቷ ነው፤ ቃሉም የአየለን ይመስላል። ብዙነሽ ይህን ሰላምታ ወዳዋለች።

ካለፉት አራት አምስት ቅዳሜ ወዲህ ግን ዛራ ካዚውን ትታዋለች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ "ፖሌ ሳና፣ ማማ። ፖሌ ሳና" ትላለች። ዛሬም እንደዚያው አለች። ብዙነሽ ብሩሹን አንስታ አሳየቻት፣ ሳቅ ብላ፣ "እሺ፣ ቀስ ነው የምለው፣ አልፈገፈግኩትም!" አለቻት በአማርኛ። ዛራ አልሳቀችም። አንሶላ ዘርግታ ከበስተጀርባው ጠፋች።

ሃብተኣብ የመጣው ስድስት ሰዓት ሲሆን ነው፣ እሷ ሳሙናውን ለላይኛው ክፍል በጥብጣ ሴርባቶዮውን እያሸች ሳለ። ሃብተኣብ ስልሳ ያለፈው የአስመራ ሰው ነው፤ ካሳራኒ አጠገብ ትንሽ ጋራዥ አለው። አማርኛውን በወጣትነቱ አዲስ አበባ መኪና ሲጠግን ነው የተማረው። ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳት፣ ከዚያ ሞተሩን ዞሮ አየው። ጎንበስ ብሎ ካቴናውን በጣቱ ነካ፣ ጣቱን አየው። ንጹሕ ነው።

"ኣየ! ወይዘሮ ብዙነሽ፣ እኔ ጋራዥ አምስት ሰው አለኝ። አንዱም እንዲህ አያጥብም።"

"ሰርቪሱን ቶሎ ጨርስልኝ፣ ጋሽ ሃብተኣብ። ሞተሩ የልጅ አደራ ነው። ዘይቱን ቀይር፣ ሌላውን አትነካካው።"

"ሰርቪስ?" አለ። "እኔ… አቶ ጓንጉል የሸጠልኝ እኮ ነው። ዛሬ ተረከብ ብሎኝ ነው የመጣሁት።"

ስፖንጁ ከእጇ አልወደቀም። ማሸቷንም አላቆመችም። ሽጦታል። የልጁን ሞተር ሽጦታል። ታዲያ ሙሉዓለም ሲመጣ ምን ሊለው ነው? ያቺን ጥያቄ እስከ መጨረሻዋ ለመጠየቅ ፈራች፤ አፏ ሌላ ወሬ ጀመረ።

"ያቺን ሴትዮ አያት፣ የገመዷን" አለች በአገጯ ወደ አጥሩ እያመለከተች። "አራት ዓመት ፖሌ ና ካዚ ስትለኝ ኖራ፣ አሁን ፖሌ ሳና ብቻ ሆነች። በጣም ቀስ በይ ትለኛለች። ቸኮልኩባት መሰለኝ።"

ሃብተኣብ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ጠርዙን አዞረው፣ አዞረው።

"ፖሌ ፖሌ ነው ቀስ በይ" አለ። "ፖሌ ብቻዋን ሌላ ናት።"

"ምንድን ናት?"

"ፖሌ ና ካዚ፣ ለሥራ ድካምሽ አይዞሽ ነው።"

"ፖሌ ሳናስ?"

"እህቴ፣ ወንድምሽን ጠይቂው።"

"አንተን ነው የጠየቅሁ። የቃል ትርጉም ነው የጠየቅሁህ፤ ቃል መተርጎም ኃጢአት ነው?"

ሽማግሌው መሬት መሬት አየ። መዋሸት እንዳልሆነለት ፊቱ ላይ ያስታውቃል። "በጣም አይዞሽ። ለታመመ ይሉታል። ሰው ለሞተበትም ይሉታል" አለ፤ ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የነገሩሽ መስሎኝ ነበር። በእግዚአብሔር ስም፣ የነገሩሽ መስሎኝ ነው ልገዛው የመጣሁት። እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ሓፍተይ። የእኔም ሁለቱ ልጆች እዚያው ጦርነቱ ላይ ናቸው። በወዲያኛው በኩል።"

ብዙነሽ ሴርባቶዮውን አየች። የነጩ አረፋ ዳር ዳሩ መድረቅ ጀምሯል።

"ሳሙናው ሳይደርቅ ልለቅልቀው" አለች።

ጣሳውን ነከረች፣ ቀዳች፣ ቀስ አድርጋ አፈሰሰች። ከመሪው ጀመረች፣ ወደ ሴርባቶዮው፣ ወደ መቀመጫው፣ ወደ ታች። ሃብተኣብ ቆሞ አያት፣ ከዚያ ሁለተኛውን ባልዲ አንስቶ ከቧንቧው ሞላላት። ውሃው ንጹሕ ሆኖ መውረድ ሲጀምር አቆመች፣ ለስላሳውን ጨርቅ አንስታ ማድረቅ ጀመረች። በየማጠፊያው፣ በየብሎኑ ሥር ያለውን ጠብታ ሁሉ እየፈለገች አደረቀች። አጥቦ ማድረቅ ለሬሳም ይደረጋል። የእሷን ልጅ ማን አጠበው? ታጥቦስ እንደሆነ?

ልጅ ሆና ያየችው ነገር የመጣባት ያን ጊዜ ነው። አጎቷ ወታደር ሆኖ ኦጋዴን ሄዶ ቀረ፤ ሬሳው አልመጣም። ሰዎቹ ፈረሱን ወንዝ ወስደው አጠቡት። ኮርቻውን ጫኑበት፣ በኮርቻው ላይ እጀ ጠባቡን ዘረጉበት፣ ሰው በተሰበሰበበት ሜዳ መሀል አወጡት። ሴቱ በዚያ ባዶ ኮርቻ አለቀሰ። እናቷን "ለምን ፈረሱን?" ብትላት፣ "ሬሳ ከሌለ ፈረስ ይወጣል" አለቻት። ከዚያ በላይ አላብራራችላትም። እናቷም ቢሆን ብዙ አትናገርም ነበር።

"ጋሽ ሃብተኣብ፣ ዛሬ አይወሰድም" አለች።

"አልወስደውም። ዛሬም፣ ነገም። አንቺ ውሰደው እስክትይኝ ድረስ።"

እጇን በሳሙና ታጥባ ወደ ወጥ ቤት ገባች። አያልነሽ ሽንኩርት እየከተፈች ነው፣ አንድ ሙሉ ሳፋ። ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ሲቆምበት ክርን ከክርን ይነካካል። ብዙነሽ አጠገቧ ቆመችና ቢላዋው ሲወርድ ሲወጣ አየች።

"መቼ ነው?"

"ምኑ፣ እትዬ?"

"ልጄ።"

ቢላዋው ቆመ። አያልነሽ ቀና አላለችም። በሽንኩርቱ የጀመረው ዕንባዋ አሁን ሽንኩርት አልሆነም። "በየካቲት ነው አሉ። ከአዲስ አበባ የመጣ ነጋዴ ነው የነገረን፣ የእሱ ጓደኛ ከልጁ ጋር ዘምቶ ነበር። በጾሙ መሀል። እኔማ እንንገራት አልኩ፣ እትዬ ሙች፣ እንንገራት አልኩ። ሳለቅስ ያቺ ልብስ አጣቢዋ በአጥር አየችኝ፣ ነገርኳት። ጋሽዬ ጓንጉል ነው፤ ሰርጉ ይለፍ፣ እሷ አትችልም አለ።"

"ሰርጉ ሲያልፍ በስንት ሰው ልትመጡ ነበር?"

"እትዬ…"

"በስምንት ነው? እንደ እናቴ?"

አያልነሽ መዋሸት አትችልበትም። "በአሥር" አለች።

ብዙነሽ ራሷን ነቀነቀች። "ጨምራችኋል" አለች፣ ወጣችም።

ክፍሏ ገብታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ልታለቅስ ትችል ነበር፣ በሩም ዝግ ነበር። አላለቀሰችም። ብቻዋን ካለቀሰች ነገ ሳምንት ድረስ ደብቀሽ ያዢው ይሏታል፤ እሷም ለአጸደ ስትል ትይዘው ይሆናል፤ ከዚያም በአሥር ሰው መጥተው እንደማታውቅ ሆና እንድትወድቅላቸው ይጠብቃሉ። አጸደን ትወዳታለች። ሰርጓ እንዲፈርስ አትፈልግም። ሆኖም ሰርጉ ነገ ሳምንት ነው፣ ዛሬ ደግሞ ቅዳሜ ነው፣ ቅዳሜ ደግሞ የሙሉዓለም ሞተር የሚታጠብበት ቀን ነው። ተነስታ ፊቷን ታጠበች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ከበሩ ጀርባ ጃኬቱን አወረደችው።

ወንበሮቹን አንድ ባንድ ዘረጋች፣ ሠላሳውንም፣ ለሰርግ ጨዋታ ፊት ለፊት ሳይሆን ለቅሶ እንደሚቀመጡት ግድግዳውን ተከትላ። ሃብተኣብ አገዛት። ሞተሩን ከዳሱ ገፍታ አውጥታ ከግቢው መሀል አቆመችው፣ ጃኬቱን በመቀመጫው ላይ ዘረጋችው፣ እጅጌዎቹ ግራና ቀኝ ወርደው ተንጠለጠሉ። እሷ ከጎኑ መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ተቀመጠች። አያልነሽ ከወጥ ቤቱ መስኮት አየቻት፤ ከልካይ ልትሆን አልወጣችም።

አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የገባው ጓንጉል ነው፣ ካራቫቱን አስሮ፣ የሙሽራውን አባትና አጎቶች እየመራ፣ እየሳቀ። ከኋላቸው ሴቶቹ፣ በመጨረሻም ወረቀት የያዙ ሁለት የኮሚቴ ሰዎች። የዘቀዘቀውን ነጠላ ሲያይ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

"ብዙነሽ" አለ ቀረብ ብሎ፣ በጥርሱ። "ምን መሆንሽ ነው? ሰው መጥቷል!"

"ሰውማ ነው የጠበቅሁት፣ ወንድምጋሼ። ግቡ" አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። "ግቡ፣ ቁጭ በሉ። ወንበር አለ።"

ማንም አልተቀመጠም። መጀመሪያ የተቀመጠው ሃብተኣብ ነው፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ቀጥሎ የሙሽራው አባት፣ ከዚያ ሌሎቹ ተከትለው ተቀመጡ። ከመሀላቸው ሦስት አራቱን ታውቃቸዋለች፤ ኪሌሌሽዋ ላይ ያጨበጨቡላት ናቸው። አጸደ በረንዳው ላይ ወጥታ አፏን በእጇ ይዛ ቆመች።

"መርዶ ልነግራችሁ ነው" አለች ብዙነሽ። "ልጄ ሙሉዓለም አየለ በየካቲት ሞቷል። ሃያ ዓመቱ ነው። ሬሳው የት እንዳለ አላውቅም፤ ፈረሱ ይኸውላችሁ። የምታውቁ አላችሁ፣ አውቃችሁ የተሸከማችሁልኝ። እንግዲህ አውርዱት፤ የእኔ ነው፣ እኔ እሸከመዋለሁ። የማታውቁም ካላችሁ ከእኔ ስሙ፣ ከሌላ እንዳትሰሙ።"

"አትችይም ብዬ እኮ ነው፣ ብዙዬ" አለ ጓንጉል። ድምፁ ተሰባብሯል። እሱም ለካ አምስት ሳምንት አላለቀሰም።

"ሦስት ቀን አለቅሳለሁ" አለች፣ እሱን ሳይሆን አጸደን እያየች። "ነገ ሳምንት ደግሞ ተነስቼ እልል እልልሻለሁ፣ ልጄ። ከሁሉ ፊት ቆሜ። አውቄ ግን ነው እልል የምለው።"

አጸደ ከበረንዳው ወርዳ ምንጣፉ ላይ ወደቀችባት። ብዙነሽ የልጅቷን ራስ ጭኗ ላይ አስተካክላ ወንድሟን ቀና ብላ አየችው።

"በል አስነሳው። ታጥቦ ሳይነሳ አይተውም፣ ውሃው ውስጡ ይቀራል። አራት ዓመት የነዳኸው አንተ ነህ።"

ጓንጉል በካራቫቱ እንዳለ መጥቶ ቆመ። ጃኬቱን እንዳይነካው ተጠንቅቆ፣ ሳይቀመጥበት፣ በእግሩ ረገጠው። አልተነሳም። ደግሞ ረገጠው። አልተነሳም። ሦስተኛውን ሲረግጥ እግሩ ሸርተት ብሎ ሊወድቅ ነበር። ሰው ሁሉ ያየዋል። ብዙነሽ የአጸደን ራስ ቀስ ብላ ከጭኗ አንስታ፣ በጉልበቷ ወደ ሞተሩ ኋላ ሄደች። እጇን በማርሚታው አፍ ከታ ጠዋት የወተፈችውን ጨርቅ ጎትታ አወጣችው።

"አሁን" አለችው።

ረገጠው፣ ተነሳ። ከማርሚታው በመጀመሪያ ውሃ ወጣ፣ ቀጥሎ ነጭ ጭስ። ብዙነሽ እርጥቡን ጨርቅ በእጇ እንደያዘች ያን ጊዜ ጮኸች፤ ሴቶቹም ተከተሏት።